ጄን አዳምስና የልጆች ችሎት



በዚህ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን ከ1860 እስከ 1935 በአሜሪካ የኖሩትን ወይዘሪት ጄን አዳምስን እናስተዋውቃችኋለን። የሰላም የኖቤል ሽልማት ካገኙ ሴቶች መካከል ስለሆኑ ስማቸውን የሰማችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ በይበልጥ የምንተርክላችሁ ስለ ሌላ ሥራቸው ነው። ይኸውም ጥፋት ሠራ ተብሎ የተያዘ ልጅ ከትልልቅ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰር፣ ጉዳዩም ለብቻው በቆመ ችሎት እንዲታይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ጥረት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጄን አዳምስ አብረዋቸው የኖሩት ሰዎች እንደ እኛ አገራቸውን ትተው በሰው አገር የሚኖሩ ነበሩ። ልጆቻቸው የአገሩን ቋንቋ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ወላጆች ግን ይቸገራሉ። ልጅ ሲያዝ እናትና አባት የት እንደሚሄዱ፣ ለማን ምን እንደሚሉ አያውቁም። ይህ ችግር ለእናንተ እንግዳ አይደለምና ታሪኩን በጥሞና እንድታነቡት እንጋብዛችኋለን።

ልጅነታቸው

ጄን አዳምስ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1860 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሴዳርቪል በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ጆን አዳምስ ባለ ወፍጮ ነበሩ። ለብዙ ዓመታትም የክፍለ ግዛታቸው ሴናተር ሆነው አገልግለዋል፤ በኋላ ፕሬዚዳንት ከሆኑት ከአብርሃም ሊንከን ጋርም ይተዋወቁ ነበር። ጄን ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳሉ እናታቸው ሞቱ።

በዚህ ላይ የጤና ችግር ነበረባቸው። በሕፃንነታቸው የያዛቸው የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ጀርባቸውን አጎበጠው። በመልካቸው ያፍሩ ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ወደ መንደራቸው ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሰው ሲመጣ፣ የዚያ ቁመናው ያማረ ሰው ልጅ መሆናቸው እንዳይታወቅ ከአባታቸው ርቀው ከአጎታቸው ጎን ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ግን አባታቸው በከተማ ከባንክ ሲወጡ በመንገድ ላይ ተገናኙ። አባትየው በሰው ሁሉ ፊት ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ ለትልቅ ወይዘሮ እንደሚደረገው ለትንሿ ልጃቸው እጅ ነሡ። ያ የተደበቀ ኀፍረት ከዚያ ቀን ወዲህ ለቀቃቸው።

ሌላም የልጅነት ታሪክ አለ። ጄን የዋሹ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ሳይናዘዙ ቢሞቱ ምን እንደሚያገኛቸው እያሰቡ ይጨነቃሉ። በመጨረሻም ከአልጋቸው ይነሡና ደረጃውን በጨለማ ይወርዳሉ። አባታቸው ከሃይማኖታዊ እምነታቸው የተነሣ የማይቆልፉትን የውጭ በር በፍርሃት ያልፋሉ፤ ሰፊውንም ጨለማ ሳሎን አቋርጠው አባታቸው ከተኙበት ይደርሳሉ። ጥፋታቸውን ሲናገሩ አባትየው አይቆጡም፤ ዱላም አያነሡም። የምትዋሽ ልጅ ካለቻቸው፣ ዋሽታ እንቅልፍ እምቢ የሚላት በመሆኗ ደስ እንደሚላቸው ብቻ ነግረው ይሸኟቸዋል። ልጅቷም ተመልሳ በሰላም ትተኛለች።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ነገር ልብ በሉት። ጄን አዳምስ የመጀመሪያውን ዳኛቸውን ያዩት በዚያ ጨለማ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳኛው ጥፋቱን ጥፋት አይደለም አላሉም፤ ልጅቷንም አላዋረዱም። መጀመሪያ ሰሟት። በኋላ ሴትየዋ በቺካጎ ለሌሎች ሰዎች ልጆች የፈለጉላቸው ይህንኑ ነው።

ሥራ ፍለጋና ሀል ሃውስ

ጄን አዳምስ በሮክፎርድ ከተማ ከነበረው የሴቶች ትምህርት ቤት በ1881 ተመረቁ። በዚያው ዓመት በጣም የሚወዷቸው አባታቸው ሞቱ። ሐኪም ለመሆን ፊላዴልፊያ ሄደው ትምህርት ቢጀምሩም የጀርባቸው ሕመም ስለተነሣባቸው አቋረጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ እያላቸው፣ ትምህርት እያላቸው፣ ሥራ ግን ሳይኖራቸው ተንከራተቱ። በ1888 ለንደን ሲሄዱ የተማሩ ወጣቶች በድሆች ሠፈር መካከል ቤት ይዘው ከነዋሪው ጋር የሚኖሩበትን ቶይንቢ ሆል የተባለ ድርጅት አዩ። ሲፈልጉት የኖሩትን ሥራ ያገኙት እዚያ ነው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1889፣ ኤለን ጌትስ ስታር ከተባሉ ጓደኛቸው ጋር በቺካጎ ሐልስቴድ በተባለው ጎዳና አንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ተከራይተው ገቡ። ቤቱን በ1856 የሠሩት ሰው ሀል ይባሉ ስለነበር ሀል ሃውስ ተባለ። በዙሪያው የሚኖሩት ጣሊያኖች፣ ጀርመኖች፣ አየርላንዶች፣ ግሪኮች፣ ቦሔሚያውያን፣ እንዲሁም ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ አይሁድ ነበሩ። አንዳንዱን ረኃብ፣ አንዳንዱን ስደትና ጭፍጨፋ ያመጣው ሕዝብ ነው። ቤቶቹ የተጨናነቁ፣ መንገዶቹ በቆሻሻ የተሞሉ ነበሩ። የቆሻሻው ነገር ሲብስ ጄን አዳምስ በ1895 የቀበሌው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙና በማለዳ እየተነሡ ጋሪዎቹን ተከትለው መሄድ ጀመሩ።

በሀል ሃውስ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ፤ የማታ ትምህርት ተጀመረ፤ የገላ መታጠቢያ፣ የመጫወቻ ሜዳና የልጆች ክበባት ተቋቋሙ። የመጀመሪያው የገና በዓል ሲከበር ለሠፈሩ ልጆች ከረሜላ ሲታደል አንዳንድ ትንንሽ ልጃገረዶች አንቀበልም አሉ። ነገሩ ሲጣራ ልጆቹ በከረሜላ ፋብሪካ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩ ሆነው ተገኙ፤ ከረሜላ ማየት አንገፍግፏቸው ነበር። በዚያው ክረምት ከሀል ሃውስ ክበብ አባላት ሦስት ልጆች በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ መኪና ላይ ተጎዱ፤ አንደኛው ሞተ። አደጋውን ሊከላከል ይችል የነበረው መከለያ ዋጋው ጥቂት ዶላር ብቻ ነበር። እነዚህን የመሳሰሉ ነገሮች ጄን አዳምስንና ባልደረቦቻቸውን ወደ ሕግ ትግል አስገቧቸው። በ1893 ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ በኢሊኖይ ወጣ።

ስለ ወላጆችና ልጆች ግንኙነትም ያስቡ ነበር። በስደት አገር ልጅ የወላጁ አስተርጓሚ ይሆናል። ለገበያው፣ ለሐኪሙ፣ ለጽሕፈት ቤቱ የሚናገረው እሱ ነው። እያደርም እናቱና አባቱ ምንም የማያውቁ ይመስሉታል። ስለዚህ ሀል ሃውስ በ1900 አንድ የሙያ ማሳያ አዘጋጀ። እዚያ የመጡ እናቶች በአገራቸው እንደሚያደርጉት በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ይሸምናሉ። በእናቷ አለባበስ የምታፍርና ከእሷ ጋር በአንድ በር መግባት የማትፈልግ አንዲት የጣሊያን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን የተማሩ ሰዎች እናቷን ከብበው ፈትሏን ሲያደንቁ አየች። ከዚያ በኋላ ከእናቷ ጋር በአንድ በር መግባት ጀመረች። ልጅ ወላጁን ሲንቅ ምክር የሚሰማው ከመንገድ ጓደኛው ስለሆነ፣ ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ልጆችን ከጥፋት ከመጠበቅ ሥራ የተለየ አልነበረም።

ልጆች በፖሊስ ጣቢያ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የነበረው ሕግ ከእንግሊዝ የተወረሰ ነበር። በዚህ የቆየ ሕግ መሠረት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከሰስም። ከ7 እስከ 14 ዓመት ያለው ደግሞ ክፉና ደጉን መለየቱ ከተረጋገጠ እንደ ትልቅ ሰው ሊፈረድበት ይችል ነበር። በቺካጎ የተያዘ ልጅ ከሌባውና ከሰካራሙ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። ጥፋቱ ትንሽ ከሆነ የገንዘብ መቀጫ ይጣልበታል። የሀብታም ልጅ ከፍሎ ይወጣል፤ መክፈል ያልቻለው የድሃ ልጅ ግን ወደ ከተማው ወህኒ ቤት ይላካል። እዚያም ያልነበረውን ሙያ ተምሮ ይወጣል፤ ሲገባ የቧንቧ ሌባ የነበረው ሲወጣ የቤት ሰርሳሪ ይሆናል።

የልጆቹ ጥፋት ምን ነበር? ጄን አዳምስ እንደ ጻፉት በሠፈራቸው ትንንሽ ልጆች በቡድን ሆነው አሮጌ ነሐስና ብረት ይለቅማሉ። አንዳንድ ጊዜም ሰው የሌለበት ቤት ሰብረው ይገቡና ቧንቧ ነቅለው እንደ እኛ ቆራሌ ላለው ሰው ይሸጣሉ። በገንዘቡም ሲጋራ፣ ቢራ፣ አለዚያም ከረሜላ ይገዙበታል።

እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚተረተውን የእንቁላል ሌባ ታሪክ አስታውሱ። በልጅነቱ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ያለችው ልጅ፣ አድጎ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲል በእንቁላሉ ጊዜ ብትቀጪኝ ኖሮ አላት ይባላል። ሁላችንም ተረቱን የምናውቀው ልጅ በጊዜ ይታረም ለማለት ነው። የቺካጎ ሕግ ግን የእንቁላሉን ሌባ ከበሬው ሌባ ጋር አብሮ ያስር ነበር። ጄን አዳምስና ጓደኞቻቸው የፈለጉት ልጁ ሳይቀጣ እንዲታለፍ አልነበረም፤ በእንቁላሉ ጊዜ በእንቁላሉ ልክ እንዲታረም ነበር።

ሥራውን የጀመሩት ሕግ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ነው። ሀል ሃውስ በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት ከአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ ሹም ጋር ተስማሙ። በቀላል ጥፋት የሚያዙ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ከሀል ሃውስ ለምትመጣ አንዲት ሴት በአደራ ይሰጡ ጀመር። አልዚና ስቲቨንስ የተባሉት ሴት ይህን ሥራ ለበርካታ ዓመታት ሠሩ።

የልጆች ችሎት ይቋቋማል

ጁሊያ ሌትሮፕ የሚባሉ ሌላ የሀል ሃውስ ነዋሪ ደግሞ በ1893 የክፍለ ግዛቱ የበጎ አድራጎት ቦርድ አባል ሆነው ተሾሙና እስር ቤቶችንና የድሆች መጠለያዎችን እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። በየእስር ቤቱ ያዩትን እየተናገሩ የከተማዋን የሴቶች ማኅበር፣ ዳኞችንና የሕግ ባለሙያዎችን አንቀሳቀሱ። ሉሲ ፍላወር የተባሉ የማኅበሩ አባልም ለዚህ ሥራ ብዙ ደክመዋል። በመጨረሻም በ1899 ሕጉ ወጣ፤ ጁላይ 1 ቀን 1899 በሥራ ላይ ዋለ። ቺካጎ በምትገኝበት በኩክ አውራጃም የአሜሪካ የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳኛ ሪቻርድ ተቲል ነበሩ።

ሕጉ ያመጣው ለውጥ ይህን ይመስላል፦

አንደኛ፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጉዳይ ለብቻው በተዘጋጀ ችሎት እንዲታይ፣ መዝገቡም ለብቻው እንዲቀመጥ ተደረገ።

ሁለተኛ፣ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ እስር ቤት ወይም ፖሊስ ጣቢያ እንዳይታሰር ተከለከለ። ልጅና ትልቅ ሰው በአንድ ቤት እንዳይታሰሩም ተደነገገ።

ሦስተኛ፣ የአመክሮ ሠራተኛ የሚባል አዲስ ሥራ ተፈጠረ። የአመክሮ ሠራተኛው ስለ ልጁ ኑሮ አጥንቶ ለዳኛው ይነግራል፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስም እየሄደ ይጎበኘዋል፤ ይመክረዋል።

ችሎቱ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቀረቡት አንዱ በስርቆት የተከሰሰ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ወላጆቹ ልጁ ወደ ማረሚያ ቤት ከሚገባ ከዚያ ሠፈር ርቆ ከአያቱ ዘንድ ቢኖር እንደሚሻል ለዳኛው አመለከቱ። ዳኛውም ተስማሙ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ከወንበዴዎች ጋር በታሰረ ነበር።

ይሁን እንጂ ሕጉ ለአመክሮ ሠራተኞች የመንግሥት ደመወዝ አልፈቀደም። በመሆኑም ሴቶቹ ገንዘብ እያዋጡ ከፈሉ። የመጀመሪያዋ የአመክሮ ሠራተኛ እነዚያው አልዚና ስቲቨንስ ሆኑ፤ መጀመሪያ ብቻቸውን ነበሩ፣ በ1900 ሲሞቱ ግን የስድስት ሠራተኞች አለቃ ለመሆን በቅተው ነበር። በ1907 ለልጆች ችሎትና ማቆያ የሚሆን ሕንፃ ከሀል ሃውስ ፊት ለፊት ተሠራ። በ1909 ደግሞ ዊልያም ሂሊ የተባሉ ሐኪም ወደ ችሎቱ የሚቀርቡትን ልጆች አእምሮና ጤና የሚመረምሩበት ተቋም ተመሠረተ። ሐሳቡ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። እስከ 1925 ድረስ ከ48ቱ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም የልጆች ፍርድ ቤት አቋቋሙ።

ጄን አዳምስ በዚያው በ1909 ስለ ወጣቶችና ስለ ከተማ ጎዳናዎች አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ወደ ችሎቱ የቀረቡ ልጆችን ክስ እየዘረዘሩ ይመረምራሉ። አንዱ በሚሄድ ባቡር መስኮት ላይ ድንጋይ ወርውሯል፤ ሌላው ከሐዲዱ አጠገብ የድንጋይ ከሰል ሰርቋል፤ ሌላው የዕቃ ፉርጎ ሰብሮ ገብቷል። ጸሐፊዋ ልጆቹ ጥፋት አልሠሩም አይሉም። ነገር ግን የወጣት ጉልበትና የጀብዱ ፍላጎት መውጫ እንደሚያሻው፣ ከተማው ለልጆች ሥራና ፋብሪካ እንጂ መጫወቻ እንዳላዘጋጀላቸው ያሳያሉ። መጫወቻ የሌለው ልጅ ባቡሩን መጫወቻ ያደርገዋል። ከሳሹ ከተማ ራሱም የሚጠየቅበት ነገር አለ ማለታቸው ነው።

ሳይሰማ የሞተ ወጣት

በ1908 የሆነው ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ላዛረስ አቨርቡክ የሚባል፣ ገና 20 ዓመት በቅጡ ያልሞላው አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር። በ1903 ኪሺንየቭ በተባለች የሩሲያ ግዛት ከተማ በአይሁድ ላይ ከደረሰው ጭፍጨፋ ተርፎ የወጣ ነው። ቺካጎ ከገባ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ማርች 2 ቀን 1908 ጠዋት ወደ ከተማው ፖሊስ አዛዥ መኖሪያ ቤት ሄደ። አዛዡ ሊገድለኝ የመጣ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ ግብግብ ተፈጠረና በጥይት ተመቶ ሞተ። ለምን እንደመጣ የሚነግር እሱ ብቻ ነበርና ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ። ጋዜጦች ግን ወዲያው ሽብርተኛ ነው ብለው ፈረዱበት። ፖሊስ የስደተኞቹን ሠፈር መበርበር ጀመረ፤ እኅቱም ተይዛ ተመረመረች።

ሕዝቡ ሁሉ ጄን አዳምስም እንዲያወግዙ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ነገሩ ሳይጣራ አልፈርድም አሉ፤ ለሟቹ እኅት ጠበቃ እንዲቆምላት ረዱ፤ ምርመራ እንዲደረግም ጠየቁ። ከመንግሥት ጥቃት ሸሽቶ የመጣ ሕዝብ በአዲሱ አገሩም ያለ ሕግ ቤቱ ቢበረበር በሕግ ላይ ያለው እምነት እንደሚጠፋ ጻፉ። በዚህም ብዙ ተሰደቡ። ውድ አንባቢያን፣ ለተወደደ ልጅ መቆም ቀላል ነው። የሰው ፍርሃትና ጥላቻ ለከበበው ወጣት፣ ያውም ከሞተ በኋላ፣ ይሰማ ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

የመጨረሻ ዘመናቸው

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጄን አዳምስ ጦርነትን በመቃወማቸው ቀድሞ ያመሰገናቸው ሕዝብ ፊቱን አዞረባቸው። በ1915 በሄግ ከተማ የተደረገውን የሴቶች የሰላም ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ። በ1931 የሰላም የኖቤል ሽልማትን ከሌላ አሜሪካዊ ጋር ተካፍለው ተቀበሉ። ሜይ 21 ቀን 1935 በካንሰር ሕመም በ74 ዓመታቸው ሞቱ። አስከሬናቸው በሀል ሃውስ ሲቀመጥ በሺህ የሚቆጠሩ የሠፈር ሰዎች መጥተው ተሰናበቷቸው። የተቀበሩት በተወለዱባት መንደር ነው።

ደግነት ብቻውን አይበቃም

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። ግን እውነቱን ሙሉ በሙሉ ልንነግራችሁ ይገባል።

ጄን አዳምስ ስለ ችሎቱ ሲጽፉ፣ በልጁ ላይ የሚከራከርም ለልጁ የሚከራከርም እንዳልነበረ፣ ሁሉም የሚፈልገው ለልጁ የሚበጀውን ብቻ እንደ ነበር በአድናቆት ተናግረዋል። ዳኛው እንደ አባት ይታይ ነበር። ነገር ግን ዳኛ ሁሉ እንደ ጄን አባት አይደለም። ጠበቃ በሌለበት፣ ምስክር በማይጠየቅበት ችሎት ክፉ ወይም ችኩል ዳኛ ሲቀመጥ ልጁን ማን ያድነዋል?

ይህ ጥያቄ በ1964 በአሪዞና ክፍለ ግዛት ተነሣ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ሴት ስልክ ደውሎ ነውር ተናግሯል ተብሎ ወላጆቹ ሥራ ላይ ሳሉ ተያዘ። ፖሊስ ለወላጆቹ አልነገራቸውም። ከሳሿ ችሎት አልቀረበችም። ልጁ ጠበቃ አልነበረውም፤ የተባለውም አልተመዘገበም። ዳኛው እስከ 21 ዓመቱ፣ ማለት እስከ ስድስት ዓመት ድረስ፣ በማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲቆይ ፈረዱ። ያንኑ ጥፋት ትልቅ ሰው ቢሠራው ቅጣቱ ከ50 ዶላር ወይም ከሁለት ወር እስራት አይበልጥም ነበር። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1967 ልጅም ቢሆን የተከሰሰበት ነገር እንዲነገረው፣ ጠበቃ እንዲኖረው፣ የመሰከሩበትን ሰዎች እንዲጠይቅና በራሱ ላይ እንዳይመሰክር መብት አለው ሲል ወሰነ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ትምህርት ምንድን ነው? የተከሰሰ ልጅ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ርኅራኄ ነው፤ ልጅነቱ እንዲታይለት። ሁለተኛው መብት ነው፤ ቃሉ እንዲሰማ፣ ክሱም በማስረጃ እንዲረጋገጥ። ርኅራኄ የሌለው ሕግ ልጁን ይሰብረዋል። ሕግ የሌለው ርኅራኄ ደግሞ ዳኛው በተቆጣ ቀን ይጠፋል።

ዛሬ ይህ ሐሳብ በዓለም አቀፍ ሕግ ውስጥ ገብቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲከሰስ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆጠር ያዝዛል። ልጁ ጥፋቱን እንዲያምን አይገደድም። ችሎቱ የሚናገረውን ቋንቋ ካላወቀ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይመደብለታል። እስራት የመጨረሻ አማራጭና ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆን አለበት፤ ሲታሰርም ከትልልቅ ሰዎች ይለያል። በ1990 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም ስለ ተከሰሱ ልጆች ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው።

በአገራችን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል እንደማይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን በተለየ ሁኔታ እንደሚታይ ይደነግጋሉ። ኬንያ በ2022 ባወጣችው የሕፃናት ሕግ በወንጀል የሚያስጠይቀውን ዕድሜ ከ8 ወደ 12 ከፍ አድርጋለች። ሕግ መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ መፈጸሙ ግን ሌላ ነው። ለዚህም ነው ልጅም ወላጅም ሕጉን ማወቅ የሚገባቸው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል አንዱ ጓደኛችሁ አንድ ነገር ጠፍቶ ቢጠረጠር፣ ከመሳቅና ሌባ ብሎ ስም ከማውጣት በፊት ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ብትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ፤ ያላደረጋችሁትን ግን በፍርሃት አደረግሁ አትበሉ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ተያዘ ሲባል በኀፍረት ቤት አትቅሩ። ሄዳችሁ ከጎኑ ቁሙ። ቋንቋውን ካላወቃችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ዕድሜውን የሚያስረዳ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ወይም የምዝገባ ወረቀት ካላችሁ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ብዙ ጊዜ የልጅን ጉዳይ የሚለውጠው ዕድሜው ነውና። ማታ ልጃችሁ በጨለማ ወደ እናንተ መጥቶ ጥፋቱን ቢነግራችሁም፣ በሩ ያልተቆለፈበትን የዚያን ባለ ወፍጮ ቤት አስታውሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጄን አዳምስ አባት ልጃቸው ጥፋቷን ስትናዘዝ ያደረጉት ነገር ትክክል ይመስላችኋል? ለምን?

2. የገንዘብ መቀጫ ለሀብታም ልጅና ለድሃ ልጅ እኩል ቅጣት ነውን? በክፍላችሁ ተከራከሩበት።

3. ጄን አዳምስ በ1908 ስለ ሞተው ወጣት ሳይጣራ አልፈርድም ያሉት ለምን ነበር?

4. የአሪዞናው ልጅ ያልተሰጡት መብቶች የትኞቹ ናቸው? አራት ጥቀሱ።

5. በቤታችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ በአገር ቤት ልጅ ሲያጠፋ ሽማግሌዎች ነገሩን እንዴት ያዩት ነበር? መልሱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለአማርኛ መምህራችሁ አቅርቡ።